የበግ ጠጕርና የዘር ነገር

በዚህ መጽሔት አንባብያን ዘንድ የበግ ነገር ትዝ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በበዓል ዋዜማ ነው፤ ያውም ዋጋው ሲጠራ። የጠጕሩ ነገርማ ጨርሶ አይነሣም፤ ቆዳው ከነጠጕሩ ለነጋዴ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ በግ እርባታ ሊጽፍ ሲነሣ «የእርሻ ኮሌጅ ልጆች ወዴት ሄዱ?» የሚል እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ነገሩ የላቦራቶሪ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የታሪክ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ጄኔቲክስ የምንለው የዘር ትምህርት ጥያቄውን ካገኘባቸው ስፍራዎች አንዱ የበግ ጠጕር ገበያ ነው። ይህንንም ታሪክ ስንከታተል ዞሮ ዞሮ ወደ መንዝ ያደርሰናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለብዙ መቶ ዓመታት በአውሮፓ ገበያ እጅግ የሚፈለገው ጠጕር የስፔን ሜሪኖ በግ ጠጕር ነበር። በ1273 ንጉሥ አልፎንሶ ዐሥረኛ ሜስታ የሚባለውን የበግ አርቢዎች ማኅበር በመብት አጸናው፤ ከዚያም በኋላ የስፔን መንግሥት ሜሪኖ በሕይወቱ ከአገር እንዳይወጣ ለረዥም ዘመን ሲከለክል ኖረ። ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ተቈልፎ አይኖርም። በ1765 ለሳክሶኒ ገዢ፣ በ1786 ደግሞ በራምቡዬ ላለው ለፈረንሳይ ንጉሥ እርሻ የሜሪኖ መንጋ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ አውሮፓ ሁሉ ሜሪኖ አርቢ ለመሆን ተሽቀዳደመ።

ከተሽቀዳደሙትም አንዱ ያን ጊዜ በኦስትሪያ መንግሥት ሥር የነበረው፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ የሚገኘው የሞራቪያ አገር ነው። ብርኖ የምትባለው ከተማው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ነበረች። ፋብሪካ ጠጕር ይፈልጋል፤ ጠጕሩ ቀጭንና አንድ ወጥ ሲሆን ጨርቁ ይሸጣል። ስለዚህ የሞራቪያ ባላባቶች ከሩቅ አገር አውራ በግ በብዙ ገንዘብ እያስመጡ ከአገራቸው በጎች ጋር ያዳቅሉ ጀመር። ችግሩም ወዲያው ተከተለ። መልኩ ያማረ፣ ጠጕሩ የተመሰከረለት አውራ ይገዛል፤ ግልገሎቹ ሲወለዱ ግን አንዱ አባቱን ይመስላል፤ አንዱ እናቱን፤ አንዱ ማንንም አይመስልም። የአየሩ ጠባይ ነው? የሣሩ ነው? ወይስ ዘሩ ራሱ የሚሄድበት የተሰወረ መንገድ አለው?

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ሮበርት ቤክዌል የሚባል የዲሽሊ ገበሬ ለሥጋ የሚሆን በግ ሲያረባ አንድ ዘዴ አሳይቶ ነበር። የሚፈልገውን ጠባይ አስቀድሞ ይወስናል፤ ያ ጠባይ ያላቸውን ዘመዳሞች እርስ በርሳቸው ያዳቅላል፤ አውራዎቹን ሳይሸጥ ለጎረቤት ገበሬዎች ያከራያል፤ ከልጆቻቸው ሁኔታም አውራውን ይመዝናል። ይህ የመጨረሻው እጅግ ብልህ አሳብ ነው። አውራውን በመልኩ ሳይሆን በልጆቹ መፍረድ ማለት ነውና። በሞራቪያ ፈርዲናንድ ጋይስለርን የተባለ ሰው ይህንኑ ዘዴ ለጠጕር በግ ስላዋለው «የሞራቪያው ቤክዌል» እስከ መባል ደረሰ።

በ1814 በብርኖ የበግ አርቢዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበርተኞቹ በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ስለ መዳቀል፣ ስለ ዘመድ ጋብቻ፣ ስለ አውራ አመራረጥ ይከራከሩ ነበር፤ የክርክራቸውም ቃል ይታተም ነበር። በ1819 የሃንጋሪው ባላባት ኢምሬ ፌሽቴቲች በዚሁ ክርክር ውስጥ «ጄኔቲክ» የሚለውን ቃል ከተፈጥሮ ሕግጋት ጋር አያይዞ ጻፈ። ዊልያም ቤትሰን የተባለው እንግሊዛዊ ትምህርቱን ጄኔቲክስ ብሎ የሰየመው በ1905 እንደ ሆነ ስናስብ፣ ቃሉ በበግ አርቢ ብዕር ሰማንያ ስድስት ዓመት ቀድሞ መገኘቱ ያስደንቃል። ፌሽቴቲች ከመንጋው ያስተዋለው ነገርም ቀላል አልነበረም፤ በልጅ ላይ ያልታየ የአያት ጠባይ በልጅ ልጅ ላይ ተመልሶ ሊታይ እንደሚችል ጽፏል።

ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ የከተማው የቅዱስ ቶማስ ገዳም አበምኔት ቄርሎስ ናፕ ነበር። በ1830ዎቹ ዓመታት በተደረገ ስብሰባ ላይ ሌሎቹ ስለ አዳቀል ሥርዐት ሲከራከሩ እርሱ ነገሩን ወደ ሥሩ መለሰው፤ መጠየቅ ያለበት ምን እንደሚወረስና እንዴት እንደሚወረስ ነው አለ። በ1843 ደግሞ ግሬጎር ሜንዴል የተባለ የገበሬ ልጅ በዚሁ አበምኔት ሥር ሊመነኵስ ወደ ገዳሙ ገባ። ቀሪውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል። መምህሮቻችን ሜንዴልንና አተሩን ሲነግሩን አንድም ቀን በግ አለመጥቀሳቸው ግን ይገርመኛል። ጥያቄው አስቀድሞ በገዳሙ ግቢ ውስጥ ነበር፤ በጉ ያመጣው ጥያቄ።

ሜንዴል መልሱን በአተር የፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። በግ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቢወልድ ነው፤ አንድ ሰው በዕድሜው ስንት ግልገል ሊቈጥር ይችላል? አተር ግን በአንድ ክረምት በብዙ መቶ ይገኛል። ከ1856 እስከ 1863 ወደ 28,000 የሚጠጋ ተክል መረመረ፤ በ1865 በከተማው የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ፊት አነበበው፤ በ1866 ታተመ፤ ከዚያም እስከ 1900 ድረስ ይህ ነው የሚባል አድማጭ ሳያገኝ ቀረ።

ያገኘውን ሕግ ወደ በግ መልሰን እንየው። በሜሪኖ መንጋ ውስጥ ሁለት ነጫጭ በጎች ተገናኝተው አንዳንድ ጊዜ ጥቁር ግልገል ይወልዳሉ። ለሜሪኖ አርቢ ይህ ኪሳራ ነው፤ ጥቁር ጠጕር ሌላ ቀለም አይቀበልምና፤ ጥቂት ዘለላ ከነጩ ጋር ቢቀላቀል ጨርቁን ሁሉ ያበላሻል። (የእኛ አገር ሸማኔ በርኖስ ሊሠራ ጥቁሩን ጠጕር መርጦ ይፈልጋል፤ አንዱ የሚጥለውን ሌላው ይለብሰዋል።) ጥቁሩ ግልገል ከየት መጣ? እያንዳንዱ በግ ለቀለሙ ሁለት የዘር ቅንጣት፣ በዛሬው አጠራር ጂን፣ ይይዛል፤ አንዱን ከአባት አንዱን ከእናት። የነጩ ቅንጣት ገዢ ነው፤ የጥቁሩ ተገዢ። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ቅንጣት የያዘ በግ ለዐይን ነጭ ነው፤ በውስጡ ግን ጥቁሩን ተሸክሟል። እንዲህ ያሉ ሁለት በጎች ሲዳቀሉ በአማካይ ከአራት ግልገል አንዱ ሁለቱን ጥቁር ቅንጣት ይወርሳል፤ ሁለቱ እንደ ወላጆቻቸው ምስጢር ተሸካሚ ይሆናሉ፤ አንዱ ብቻ ጥርት ያለ ነጭ ነው። አርቢው ከአራቱ ሦስቱን ነጫጭ ቢያይ የትኛው ተሸካሚ እንደ ሆነ በዐይኑ ሊለይ አይችልም። ጥቁሮቹን እያረደ ቢያጠፋ እንኳ ምስጢሩ በነጮቹ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ይቈያል።

ይህን ያህሉ ቀላል ነው። ጭንቁ የሚመጣው ወደ ገንዘቡ ስንደርስ ነው። አርቢ የሚሸጠው የጠጕሩን ክብደት፣ ቅጥነትና ርዝመት ነው፤ እነዚህ ደግሞ እንደ ጥቁርና ነጭ ለሁለት አይከፈሉም። አንዱ በግ ሦስት ኪሎ ከሩብ፣ ሌላው ሦስት ከግማሽ፣ ሌላው አራት ይሸለታል፤ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለ ክፍተት ተያይዞ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሊቃውንቱ ለሁለት ተከፍለው በብርቱ ተጣሉ። አንደኛው ወገን ሜንዴል እውነት ነው ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቁመትንና ክብደትን በሜንዴል አተር ማስረዳት አይቻልም ይላል። በ1918 ሮናልድ ፊሸር የተባለ እንግሊዛዊ የቍጥር ሊቅ ሁለቱንም አስታረቀ። አንድ ጠባይ በብዙ የዘር ቅንጣቶች የሚመራ ቢሆን፣ እያንዳንዱም ቅንጣት በሜንዴል ሕግ እየሄደ ጥቂት ጥቂት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ፣ ድምሩ ልክ በመንጋው ውስጥ እንደምናየው ያለ ክፍተት የተያያዘ ልዩነት እንደሚሆን በሒሳብ አሳየ። ብዙ ጠጠር ተከምሮ ኮረብታ እንደሚሆን ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ጠጠሩ አይለይም።

ከዚህም ለአርቢ እጅግ የሚጠቅም አንድ ቍጥር ተገኘ። «የመወረስ መጠን» ብዬ ልጥራው። በመንጋ ውስጥ በበግና በበግ መካከል ከሚታየው ልዩነት ስንት እጁ ወደ ልጆች የሚተላለፍ የዘር ልዩነት እንደ ሆነ፣ ስንት እጁ ደግሞ በአብዛኛው የሣር፣ የበሽታ፣ የእናት ወተትና የዕድል እንደ ሆነ የሚነግር ቍጥር ነው። ምሳሌ ላብጅ። የመንጋው አማካይ የጠጕር ክብደት አራት ኪሎ ነው እንበል። አርቢው አምስት ኪሎ የሚሸለቱትን ሴቶችና አውራዎች ብቻ ለይቶ አዳቀለ። ልጆቹ አምስት ኪሎ ይሸለታሉ? አይደለም። የመወረሱ መጠን ከመቶ 35 ቢሆን፣ ወላጆቹ ከአማካዩ ከበለጡበት አንድ ኪሎ ውስጥ ለልጆቹ የሚደርሰው 350 ግራም ነው፤ ልጆቹ በአማካይ አራት ኪሎ ከ350 ግራም ይሸለታሉ። አውራዎቹን ብቻ መርጦ ሴቶቹን እንዳሉ ቢተዋቸው ደግሞ ጥቅሙ በግማሽ ይቀንሳል። የቀረው ብልጫ የመልካሙ ሣርና የደኅናው ዓመት ነበረና ከወላጆቹ ጋር ይቀራል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየትውልዱ ይጠራቀማል።

በሜሪኖ ላይ በተደረገው ብዙ ልኬት መሠረት የጠጕር ክብደት የመወረስ መጠን ከመቶ ከ30 እስከ 40 ገደማ ነው። የጠጕሩ ቅጥነት ከዚያ ይበልጣል፤ ከመቶ 50 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ቅጥነት የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከ20 ማይክሮን በታች የሆነ የሜሪኖ ጠጕር ለገላ ይለሰልሳል፤ ከ30 በላይ የሆነው ይኮሰኵሳል፤ ባና ለብሶ ያደረ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። የመውለድ ብዛት ግን የመወረሱ መጠን ከመቶ ዐሥር አይሞላም። ስለዚህ መንታ የወለደችውን በግ ልጅ መርጦ በማስቀረት ብቻ መንታ የሚወልድ መንጋ ለማግኘት ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ በግ እርባታ የሒሳብ ደብተር ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ጠባዮች ለየብቻቸው አይኖሩም፤ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው። አንዱን ስትነዳ ሌላው አብሮ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ወደማትፈልገው ቦታ። ለዚህ ከአውስትራሊያ የቬርሞንት ነገር የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

ሜሪኖ አውስትራሊያ የገባው በ1797 ነው፤ በመቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ አገሪቱ የዓለም የጠጕር ጎተራ ሆነች። በ1880ዎቹ ዓመታት ታላላቅ አርቢዎች የበለጠ ክብደት ፍለጋ ቬርሞንት ከሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ሀገር አንድ ዓይነት ሜሪኖ በውድ ዋጋ ያስመጡ ጀመር። የዚህ በግ ቆዳ ከአንገቱ እስከ ጭራው ሥር የተጣጠፈና የተሸበሸበ ነው። አሳቡ ለሰሚው ምክንያት ያለው ይመስላል፤ ጠጕር የሚበቅለው በቆዳ ላይ ነው፤ ቆዳው ቢሰፋ ጠጕሩ ይበዛል። እውነትም ሲሸለት ሚዛኑን ከፍ አደረገው። ሲታጠብ ግን ከክብደቱ ብዙው ቅባትና አቧራ ሆኖ ተገኘ። ጠጕሩም ከእጥፋቱ ላይና ከእጥፋቱ ሥር አንድ ዓይነት አልሆነም። ሸላቾች በየእጥፋቱ መቀሳቸው ቆዳ እየያዘ ተማረሩ። ሴቶቹ መውለድ ቀነሱ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በጭራው ሥር ባለው እጥፋት ውስጥ ሽንትና እርጥበት ስለሚቋጠር ዝንብ ዕንቍላሏን እዚያ ትጥላለች፤ ትሉም የበጉን ሥጋ በሕይወቱ ይበላዋል።

አርቢዎቹ ከጊዜ በኋላ ስሕተቱን ዐውቀው ከቬርሞንት ሸሹ። ዘር ግን እንደ ሸቀጥ ወደ መጣበት አይመለስም፤ በመንጋው ውስጥ ተበትኗልና። በኋላም ጆን ሙልስ የተባለ አርቢ የበጉን የኋላ ቆዳ በመቀስ ቈርጦ በማንሣት ዝንቡን የሚከላከል ዘዴ አወጣ፤ በስሙም ሙልሲንግ ተባለ። በጉን የሚያሠቃይ ሥራ በመሆኑ ብዙ ሙግት ተነሥቶበታል፤ ኒውዚላንድ በ2018 በሕግ ከልክላለች፤ አውስትራሊያ ግን ፈጽማ አልተወችውም። ቆዳው ለስላሳ፣ የኋላው ገላጣ የሆነ በግ በመምረጥ መቀሱን አላስፈላጊ ለማድረግ የሚደክሙ አርቢዎች አሉ። አባቶቻቸው በምርጫ ያስገቡትን በምርጫ ለማስወጣት ነው፤ ማስወጣቱ ከማስገባቱ ይልቅ ብዙ ትውልድ ይጠይቃል።

ቬርሞንት ለዐይን የሚታይ ነበር። የማይታየው ቀንበር የባሰ ነው። የጠጕር ክብደትና የጠጕር ውፍረት በዘር ዝምድና አላቸው፤ ዝምድናው ጠንካራ ባይሆንም አለ። ለክብደት ብቻ የሚመርጥ አርቢ ሳያስበው ጠጕሩን ያወፍራል፤ ገበያው ግን የሚከፍለው ለቀጭኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዐዋቂ አርቢ ለእያንዳንዱ ጠባይ እንደ ገንዘብ ጥቅሙ ክብደት እየሰጠ በድምር ይመርጣል። ከሁሉ አንደኛ የሆነ በግ ሳይሆን በድምር የተሻለውን ይወስዳል ማለት ነው።

ይህን የመለካትና የማስላት ሥራ በአውስትራሊያ ካስፋፉት ዋነኛዋ ሔለን ኒውተን ተርነር ናት። በ1908 በሲድኒ ተወለደች፤ በዩኒቨርሲቲ የተማረችው የሕንፃ ንድፍ ነው። በትልቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በሙያዋ ሥራ ስላልተገኘ በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች፤ እዚያ የተመራማሪዎቹን ቍጥር እያየች ስታቲስቲክስ ተማረች፤ ወደ እንግሊዝም ሄዳ ከፊሸር ዘንድ ተምራ ተመለሰች። ከሲድኒ ያንግ ጋር ስለ በግ የጻፈችው መጽሐፍ በ1969 ታትሟል። በመልክና በእጅ ዳሰሳ ብቻ በግ የሚመርጡ የታወቁ ባለሙያዎች «ሚዛን ምን ያውቃል?» ማለታቸው አልቀረም። እርስዋ ግን በጉን መዝኑት፣ ጠጕሩን ለኩት፣ መዝግቡት ትል ነበር። (የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ልጆች ሒሳብ ስትሸሹ ይህችን ሴት አስቡ።)

ከእርስዋ ዘመን ጥናት አንዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በግ የሚጠጕረው ከተወለደ በኋላ ብቻ አይደለም፤ የጠጕሩ ሥር በቆዳው ውስጥ የሚተከለው ገና በማኅፀን ሳለ ነው። አስቀድሞ ጥቂት ትላልቅ ሥሮች ይተከላሉ፤ ቀጥሎ በዙሪያቸው ብዙ ትናንሽ ሥሮች ይመጣሉ። ሜሪኖ ለአንዱ ትልቅ ሥር ሃያ ያህል ትናንሽ አሉት፤ የጠጕሩ ብዛትና ልስላሴ ከዚህ ነው። ሻካራ ጠጕር ያላቸው በጎች ትናንሾቹ ሥሮቻቸው በጣም ያነሱ ናቸው። ትናንሾቹ የሚተከሉት በእርግዝናው በስተኋላ በመሆኑ፣ እናቲቱ ያን ጊዜ ከተራበች ግልገሉ ለዕድሜ ልኩ ጠጕሩ ይሳሳል። መንታ ግልገልም እንዲሁ፤ ማኅፀኑንም ወተቱንም ተካፍሏልና። እንግዲህ አርቢው በመንጋው መካከል ቆሞ ግዙፉንና ጠጕራሙን ጠቦት በዐይኑ ሲመርጥ የሚመርጠው ማንን ነው? ብዙውን ጊዜ ብቻውን የተወለደውን ነው። ዘሩ የተሻለ መስሎት መንታ የማትወልደውን እናት ልጅ ያስቀራል፤ ከዓመት ዓመትም ሳያውቀው መንታን ከመንጋው ያጠፋል። መንታነቱን የመዘገበ ሰው ግን ትንሹን ጠቦት እንደ መንታነቱ አስልቶ ይፈርድለታል።

የመንታ ነገር ከተነሣ ቡሩላን ማለፍ አይቻልም። ቡሩላ በኒው ሳውዝ ዌልስ የሚገኝ የሲርስ ወንድማማቾች እርሻ ነው። እነዚህ ሰዎች መንታና ሦስት የወለዱ በጎችን ልጆች ለብዙ ዓመት እየመረጡ ሲያስቀሩ ከሌላው ሜሪኖ ሁሉ የበለጠ የሚወልድ መንጋ አገኙ፤ በ1958ም ከአንድ ማኅፀን ከተወለዱ አምስት ግልገሎች አንዱ የሆነውን አውራ ለመንግሥት ተመራማሪዎች ሰጡ። ሊቃውንቱ ይህ ብዙ ጥቃቅን የዘር ቅንጣቶች ተጠራቅመው ያመጡት ነው ብለው ነበር። ወደ 1980 ገደማ ሲመረመር ግን አንድ ታላቅ ቅንጣት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ቅጂው በአንድ ወሊድ አንድ ግልገል ያህል የሚጨምር። በ2001 ሦስት የጥናት ቡድኖች ቅንጣቱን ራሱን ለይተው አገኙት። የመጣበትም አገር ታወቀ፤ በ1792 እና በ1793 ከካልካታ በመርከብ ወደ ሲድኒ ከተጫኑት ትናንሽ የቤንጋል በጎች ነው። እነዚያ በጎች ጠጕራቸው የማይረባ ተብሎ ተንቀው፣ በሜሪኖ ተውጠው ጠፍተው ነበር። ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ በሜሪኖ ደም ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው ግን የእነርሱ ሀብት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ጠጕር የሚሸለቱት በጎቻችን በዋነኛነት የሰሜን ሸዋ ደጋ በጎች ናቸው፤ ከእነርሱም የታወቀው የመንዝ በግ ነው። ሰውነቱ ትንሽ፣ ላቱ አጭር ነው፤ ጠጕሩ ከላይ ረዥምና ሻካራ፣ ከሥሩ ለስላሳ ነው። ብርዱንና የሣሩን እጥረት ይችላል። ጠጕሩ ተሸልቶ፣ ተፈትሎ፣ ባናና በርኖስ ይሆናል። በ1960ዎቹ ዓመታት በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ጣቢያ ሲቋቋም አሳቡ የውጭ አገር ዘር አስገብቶ ማዳቀል ነበር፤ ቈየት ብሎም አዋሲ የተባለው ላታም በግ ከእስራኤል መጥቷል። በሸኖ የምርምር ጣቢያ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ የመንዝ በጎች እርስ በርሳቸው በዓመት ክብደታቸውና በጠጕራቸው ክብደት እንዲመረጡ ተደርጓል።

የመንዝ ገበሬ ትልቁ የዘር ችግር ግን ከውጭ አውራ ማጣቱ አይደለም። ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ለገበያ የሚደርሰው ፈጥኖ ነው። ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለግብር፣ ለልጅ ትምህርት ገንዘብ ሲያስፈልግ የሚሸጠው እርሱ ነው፤ ከሴቶቹ ጋር ሳይገናኝ ይሄዳል። በመንጋው ውስጥ ቀርቶ ዘሩን የሚያወርሰው ማደግ ያቃተው ነው። ቤክዌል ያደረገውን ነገር ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ማድረግ ማለት ነው፤ ያውም በየዓመቱ። እኛ ተማሪዎች ይህን ስንሰማ «ገበሬው አያውቅም» ማለት ይቀናናል። ከመንዝ፣ ከግሼና ከተጕለት የመጣችሁ ግን ታውቃላችሁ፤ ለደብተራችሁና ለአውቶቡስ መሳፈሪያችሁ የተሸጠው ጠቦት የትኛው ነበር? ገበሬው የትኛው በግ የተሻለ እንደ ሆነ አሳምሮ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ነው ዋጋ የሚያወጣለትን የሸጠው። ዕውቀት አልጐደለውም፤ የጐደለው አውራውን ለአንድ ዓመት የሚያቈይበት ዐቅም ነው።

ጥቂት በግ ያለው አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን መምረጥም አይችልም። ከአራት ወንድ ጠቦት ውስጥ ምን ያህል ምርጫ አለ? አራት መቶ ቢሆን ግን ሌላ ነው። ከ2009 ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር መንደሮች የተጀመረው የማኅበረ ሰብ የእርባታ ሥራ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። የአገራችን የምርምር ተቋማት ከውጭ ተባባሪዎች ጋር ያቋቋሙት ሲሆን ከተባባሪዎቹ አንዱ በቪየና የሚገኘው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቪየና ከብርኖ ሩቅ አይደለችም። የበጎቹ ማኅበር ከሞራቪያ ባላባቶች ወደ መንዝ ገበሬዎች መጣ ብል አንባቢ ቀልድ አድርጎ ይለፈኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመንደሩ ሰዎች በጎቻቸውን ለምርጫ ሲባል እንደ አንድ መንጋ ይቈጥራሉ። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቍጥር ይደረግለታል፤ እናቱ፣ የተወለደበት ቀንና መንታ መሆኑ ይጻፋል፤ ስድስት ወር ሲሆነው ይመዘናል። ሚዛኑ መጀመሪያ ያጣራል፤ ቀጥሎ ከመንደሩ የተመረጡ ሽማግሌዎች የቀሩትን ጠቦቶች በዐይናቸው ያያሉ። ቀለሙን፣ ላቱን፣ ቀንዱን፣ አቋቋሙን አይተው በመካከላቸው ተከራክረው ደረጃ ያወጣሉ። የተመረጠው አውራ ለአንድ የጎረቤታሞች ቡድን ይመደባል፤ የቡድኑ ሴቶች በጎች ሁሉ ከእርሱ ይወልዳሉ። ጊዜው ሲያበቃ የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ ወደ ሌላው ቡድን ይሻገራል። ያልተመረጡት ወንዶች ይኰላሻሉ፣ ወይም ይሸጣሉ። ባለቤቱ አውራውን ሳይሸጥ ለቈየበት ጊዜ እንዳይጐዳ ከማኅበሩ ገንዘብ ዋጋ ይታሰብለታል፤ አገልግሎቱን ሲጨርስም አውራው ደልቦ ለፋሲካ ገበያ ይቀርባል፤ ያን ጊዜም ልጆቹ በመንደሩ ውስጥ ቀርተዋል።